የተጠረገው ግቢ

ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ አበሻ ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለቀባሪው ድርጅት ነው፣ ቀጥሎ ለእኔ። ከዴንተን እስከ ማኪኒ የሟች የሕይወት ታሪክ ጽፎ የሚያነበው በላቸው ነው ተብሎ ስሜ ወጥቷል። ክፍያ የለውም። አንድ ጊዜ ለጎረቤቴ ጻፍኩ፣ ቆሜ አነበብኩ፣ ሰው አለቀሰ፣ በዚያው ተተከልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ኤርፖርት የፓርኪንግ አውቶቡስ ስነዳ የተርሚናል ስም ከመጥራት በቀር አፌን ያልከፈትኩ ሰው ስለሆንኩ፣ በጡረታዬ ድምፄ ሥራ ማግኘቱን አልጠላሁትም። ልጄ፣ አባዬ አንተ ካላነበብክለት እኮ ሰው በደንብ የሞተ አይመስለውም እያለ ይቀልድብኛል። ውሸት አልጽፍም። ጠጪውን ጨዋታ አዋቂ፣ ነገረኛውን እውነት ወዳድ እለዋለሁ፤ ዘመዶቹ ፈገግ ይላሉ፣ በዚያው እንተላለፋለን።

ባለፈው ሐምሌ የፀዳለ እናት አረፉ። ስማቸውን የማውቅ አይምሰላችሁ፤ እዚህ አገር ልጆቻቸው ያመጧቸው እናቶች የእገሌ እናት ተብለው ነው የሚኖሩት። ስድስት ዓመት ሙሉ በየበዓሉና በየለቅሶው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠናል። እንደምን ዋሉ እላቸዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል፣ አለቀ። አንድ ፋሲካ ላይ ወንበር ስስብላቸው እጄን ይዘው ከመረቁኝ በቀር ሌላ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ያን ምርቃት አሁን ሳስበው ያመኛል።

ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ጫማው ከበሩ አልፎ ደረጃው ላይ ተደርድሯል። አፓርትመንቱ ባለ ሁለት መኝታ ነው፣ ሰዉ ግን የሰርግ ያህል ነው። ፀዳለ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዌርሃውስ ውስጥ የፈረቃ አለቃ ናት፣ ኀዘን ላይ ሆናም ሰው ማዘዙ አልተዋትም። እዚህ መነጋገር አንችልም ብላ ወደ ፓርኪንጉ ወሰደችኝ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ሙቀቱ አልበረደም፤ መኪናዋን አስነስታ ኤሲውን ለቀቀችው። በዚያ ሰዓት እነዚያ ጥቁር ወፎች ፓርኪንጉን ይወሩታል። የዳላስ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሽቦውንና ዛፉን ሞልተው እንደ ዛገ በር ሲጥ ሲጥ ይላሉ፣ ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ሁሉም አንድ ላይ ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ነው የማልወዳቸው።

"ጋሼ፣ ፊውነራል ሆሙ እስከ ነገ ጠዋት ላኩ ብሎናል፣ ፕሮግራሙን ፕሪንት ማድረግ አለባቸው" አለችኝ። "ሶ፣ አጠር ያለ ይሁን። ማለቴ፣ እማዬ ብዙ ወሬ አትወድም ነበር።" ደብተሬን አወጣሁ። ስማቸው ይመኙሻል፣ ትውልዳቸው ኮምቦልቻ፣ ሙያቸው ልብስ ስፌት። ከዚያ ለፕሮግራሙ ሽፋን ብላ የሰርግ ፎቶ ሰጠችኝ። ጥቁርና ነጭ ነው። ሙሽራው ከኮቱ ሥር ኮሌታው ትከሻ የሚደርስ አበባ አበባ ሸሚዝ አድርጓል። ፎቶው ቀለም አያሳይም፤ እኔ ግን አበባው ቡናማ መሆኑን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ሸሚዙ ግማሹ የኔ ነው።

"አባቴ ነው" አለች። "እኔ አላውቀውም፣ ሳልወለድ ነው የሞተው። መርከበኛ ነበር፣ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሬሳ ስላልነበረ ልብሱን ዘርግተው ነው ያለቀሱት። በቃ 'ባለቤታቸውን በሞት ተለዩ' ብለው ይጻፉት፣ ኦኬ?"

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ እጄ ለብቻው ይጽፈዋል። ያን ቀን እምቢ አለኝ። አባቷ ንጉሤ ባሕር ውስጥ አልወደቀም። ወደቀ የተባለው በእኔ ቃል ነው። ይህን ደግሞ በዓለም ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ድሮ መርከበኛ እንደነበርኩ እንኳ ጋርላንድ ውስጥ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዝም ብዬ ብጽፈው ነገር አለቀ። ባነበው ሰዉ ያለቅስ ነበር፣ ወደ ቤቴም እሄድ ነበር። ሴትዮዋ ግን ስድስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ፀዳለ፣ መኪናውን አታጥፊው፣ የምነግርሽ ረጅም ነው አልኳት።

አሰብን ያላየ ሰው ነው ቴክሳስ ይሞቃል የሚለው። እኛ ገላችንን ታጥበን ሳንደርቅ እንደገና ያልበን ነበር። ከመርከብ ስንወርድ ሆቴል ጣሪያ ላይ የገመድ አልጋ ተከራይተን አንሶላችንን ውሃ ነክረን እንለብሳለን፤ እስኪነጋ አንሶላው ሦስት ጊዜ ይደርቃል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፣ ማኮሮኒ በሥጋ ከሰባ አምስት ሳንቲም አያልፍም፣ ቢራ ከቀዘቀዘ ዋጋውን የሚጠይቅ አልነበረም። ከወደቡ በር ወጥቶ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጥጉ ላይ አንድ የመናዊ ሱቅ ነበረው። ቴፑን በረንዳ ላይ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ አንድ የፍቅር ዘፈን ያስደጋግማል፤ ልጅቷ ትመጣለች አትመጣም የሚል ነገር ነው፣ ሁለት ዓመት ሰምተነው መምጣቷን ሳናውቅ ቀረን። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋው ቤልቦተም ነው። ጫማችን ታኮው አንድ ጋት ይሆናል፤ በዚያ ጫማ የመርከብ መሰላል የወጣ ሰው በሕይወት መትረፉ ይገርመኛል። እኔና ንጉሤ መርከቧ ላይ አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። ያን ሸሚዝ ሲንጋፖር ላይ ለሁለት አዋጥተን ገዛነውና በየተራ ለበስነው። ሊያገባ ፈቃድ ወጥቶ ኮምቦልቻ ሲሄድ ተራው የኔ ነበር፣ ተውኩለት። ሚስቱን "ይሜ" እያለ ነው የሚያወራልኝ፤ ፎቶዋን አሳይቶኝ አያውቅም፣ ይቀና ነበር።

ዘመኑ ደግሞ ከስብሰባ የማይቀርበት ዘመን ነው፤ መርከብ ላይ እንኳ አልቀረልንም። በየሳምንቱ መመገቢያ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ስማችን ይጠራል፣ ከዚያ ስለማናውቀው ነገር እንወያያለን። ሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የተኛ ሰው ካለ ጓደኛው አቤት ይልለታል። ሁላችንም እናደርገዋለን። ጠሪውም ያውቃል፣ ቀና ብሎ አያይም፤ እሱም እንቅልፍ አለበት። ንጉሤ ለእኔ ቀጠን አድርጎ ነበር አቤት የሚለው፣ እኔ ለሱ ጎርነን አድርጌ። የሱን ድምፅ ከራሱ አስበልጬ እችለው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። እንዲህ ያለ ልማድ ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል።

ከሩቅ ምሥራቅ ስንመለስ ሕንድ ውቅያኖስ መሐል ሞተሩ ታመመ፣ የባሕሩን ውሃ አጣርቶ የሚጠጣ የሚያደርገው መሣሪያም ተበላሸ። ካፒቴኑ ካርታው ላይ ነጥብ የምታህል ደሴት አገኘና እዚያ መልህቅ ጣልን። መካኒኮቹ ሞተሩን ሲጠግኑ እኛ በሁለት ጀልባ በርሜል ጭነን ውሃ ፍለጋ ወረድን። ደሴቲቱ ዝቅ ያለች ናት፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ነጭ አሸዋ፣ ኮኮናት፣ ሌላ የለም። ድሮ ሰው ይኖርባት ነበር፣ ኮኮናት አድርቀው ዘይቱን ይሸጡ ነበር መሰለኝ። የጋሪ ሐዲድ በሣር ተውጦ አየን። ጣሪያው የወደቀ ቤተ ክርስቲያን አየን። ቤቶቹ በራቸው ክፍት ነው፣ ሳህን መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አለ። ሰዎቹ ለምን እንደሄዱ፣ ማን እንደወሰዳቸው ካፒቴኑም አያውቅም። ውሾች ቀርተዋል። እየራቁ ይከተሉናል፣ አንዱም አይጮኽም። የጉድጓዱ ውሃ ግን እንዲያ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም፣ ማር ነው።

ከመንደሩ ዳር ያለ አንድ ቤት ግቢው ተጠርጓል። መጥረጊያው የሄደበት ጭረት አሸዋው ላይ ይታያል፤ ትልቅ ዛፍ እያለበት አንድ የወደቀ ቅጠል የለበትም። በሌሎቹ ግቢዎች ቅጠሉ ጉልበት ይደርሳል። ተጣራን፣ የሚመልስ የለም። ደሴቲቱን ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ስምንት ሆነን ፈተሽናት። እሳት የነደደበት ቦታ የለም፣ የሰው እዳሪ እንኳ የለም። ነፋስ ነው ተባባልን። በማግስቱ ስንመለስ የኛ የትናንት ኮቴ ጠፍቷል፣ ግቢው እንደ አዲስ ተጠርጓል። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው አልነበረም፤ ዞረን በሐዲዱ በኩል ነበር ውሃውን የምናግዘው። ንጉሤ ብቻ አልፈራም። እሱ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው። ጫማውን አውልቆ ገባና አንድ ቆርቆሮ ብስኩት ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብሎ ሳቀብን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቆርቆሮው ታጥቦ እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ አራት እንቁላል አለበት። ዱር የገቡ ዶሮዎች እንዳሉ አይተናል፣ እንቁላሉ አልገረመኝም። የገረመኝ ማጠቡ ነው። ኮምቦልቻም ሆነ አዲስ አበባ ጎረቤት የላከችልሽን ሳህን ባዶውን አትመልሽም፤ አጥበሽ አንድ ነገር ጣል አድርገሽበት ነው። ንጉሤ ቆርቆሮውን ይዞ ብዙ ቆመ። ሰው ነው፣ ያውም የኛ ዓይነት ሰው ነው፣ ሳላመሰግን አልሄድም አለ። ተው አልኩት። ሰማዩ እየጠቆረ ነበር፣ የመጀመሪያው ጀልባ ሊነሳ ነው። በሁለተኛው ጀልባ እመጣለሁ፣ ስም ከተጠራ አቤት በልልኝ አለኝ። እሺ አልኩት። ምንም አላሰብኩም።

ሞተሩ ተጠግኖ ካፒቴኑ ማዕበሉ ሳይደርስ ለመውጣት ቸኩሎ ነበር። ሁለተኛው ጀልባ ከታሰበው ሰዓት ቀድሞ ተመለሰ። የካፒቴኑ ምክትል ሰማዩን እያየ ስማችንን ጠራ። ንጉሤ ሲል፣ በርሜል እያወረደ ይሆናል ብዬ ድምፄን አጎርንኜ አቤት አልኩ። መልህቁ ተነሣ።

ለፀዳለ ከዚህ ቀጥሎ የነገርኳት ለራሴም አርባ ምናምን ዓመት የነገርኩትን ነው። መጥፋቱን በማግስቱ ጠዋት በፈረቃ ሰዓት አወቅን፣ መርከቧ ተፈተሸች፣ ምክትሉ መዝገቡን ገልጦ ስንነሳ ነበር፣ አቤት ብሏል፣ ስለዚህ ሌሊት ወድቋል አለ። መጨረሻ ያየው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ መሬት መሬት አየሁ። ፈራሁ። በሰው ስም አቤት ማለቴ ቢታወቅ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ደግሞም ደሴት ላይ ቀረ ብል ከዳ ይሉታል፣ ያን ጊዜ ከዳ የተባለ ሰው ቤተሰብ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል፤ በሥራ ላይ ሞተ ቢባል ይሻላቸዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ይህቺኛዋ ምክንያት እውነት ናት፣ ግን ሁለተኛ የመጣች ናት። ከአሰብ አዲስ አበባ ስመላለስ አውቶቡሱ ኮምቦልቻ ለምሳ ይቆማል። ሰዉ ይወርዳል፣ እኔ ተሸፋፍኜ እተኛለሁ።

ፀዳለ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ነበር የሰማችኝ። አላለቀሰችም። ወፎቹ ዝም ብለዋል።

"ውሃ ነበረው?" አለችኝ።

ነበረው አልኳት። ምግብስ አለችኝ። ዓሣ፣ ኮኮናት፣ ዶሮ፣ ቤትም ነበረው አልኳት። በሕሊናዋ ስትቆጥር አየኋት። ሶ፣ እማዬ ልብሱን ዘርግታ ስታለቅስ እሱ በሕይወት ነበር አለች። አዎ አልኩ። እኔ ስወለድም አለች። አዎ። ትምህርት ቤት ስገባም ሊሆን ይችላል አለች። ሊሆን ይችላል አልኳት።

"መቼ ቢናገሩ ነበር የሚደርሱለት?"

ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረኝ። አንድ ቀን ሙሉ ርቀን ነበር፣ ማዕበል ነበር፣ ካፒቴኑ አይመለስም ነበር የሚል ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጠዋት አወቅን ያልኩሽ ውሸት ነው አልኳት።

መልህቁ ሲነሳ እኔ የመርከቧ ኋላ ላይ ገመድ እጠቀልል ነበር። ገና ቅርብ ነበርን፣ የቤቶቹ መስኮት ይቆጠራል። የባሕሩ ዳር ላይ ሰዎች ቆመዋል። ሁለት ናቸው። አንደኛው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የቆመው፤ ንጉሤ ነው እንዲያ የሚቆም። ሌላኛውን አላውቀውም፣ ወንድ ይሁን ሴት አልለየሁም። ምክትሉ ከኔ አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። አንድ ጊዜ ብጮኽ መርከቧ ትቆም ነበር። እኔ ግን አቤት ብያለሁ፣ ስለዚህ ንጉሤ መርከብ ላይ ነው፣ ስለዚህ ያ ሰው ንጉሤ አይደለም ብዬ ገመዴን ጠቀለልኩ። የዛፍ ጉቶ ነው አልኩ። ሁለት ጉቶ።

"ይጣራ ነበር?" አለችኝ ፀዳለ።

"አልተጣራም። እጁንም አላነሳም። እጁን አንስቶ የተሰናበተን ሌላኛው ነው።"

ማን ነበር አለችኝ፣ አላውቅም አልኳት። መኪናውን አጠፋች። ሙቀቱ ወዲያው ገባ። ሁሉንም ይጻፉት፣ ሁለት እንደነበሩም ይጻፉ፣ የሚያነቡትም እርስዎ ነዎት አለችኝ። ከዚያ ወርዳ ወደ እንግዶቿ ሄደች። ክፍት የተወችውን የመኪናዋን በር እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ሐሙስ ዕለት አነበብኩት። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ሰዉ የለመደውን የኔን ድምፅ ሊሰማ ተመቻችቶ ተቀምጧል። "ባለቤታቸው አቶ ንጉሤ በሕይወት ሳሉ ደሴት ላይ ቀሩ፤ አይቼ ዝም ያልኩት እኔ በላቸው ነኝ" የሚለው ጋ ስደርስ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም፣ የሚያስል እንኳ አልነበረም። ልጄ መሬት መሬት አየ። የቀረውን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። መቃብሩ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቀብሩ እንዳበቃ ሰው ተሰልፎ ቤተሰቡን ማጽናናት ጀመረ፤ ፊቴና ኋላዬ ያሉት ትንሽ ትንሽ ራቁኝ፣ አልፈረድኩባቸውም። ተራዬ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ። ፀዳለ እጄን ያዘችው፣ ቶሎም አልለቀቀችውም። ፊቷ በላብና በእንባ ርሷል፣ ዓይኗ ግን ጥያቄ ነበር የያዘው።

"ጋሼ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ግቢው ጥላ ነበረው?"

ነበረው አልኳት። ትልቅ ዛፍ ነበረው።